ቢከሽፍ ወዴት ይኬዳል

ሚስቱ ጥላው ስትሄድ እናቷንም አብራ ጥላ ሄደች። ሲወራ ቀልድ ይመስላል፤ ግን እንዲያ ነው የሆነው።

ከሥራ ሲገባ ሻንጣዎቿን በሩ ሥር ደርድራ ታክሲ ትጠብቅ ነበር። "ካንተ ጋር መኖር ሰው የለቀቀው ቤት ውስጥ እንደመኖር ሆነብኝ" አለችው። አልጮኸችም። እሱም ለምን አላለም። ሻንጣዎቹን አንጠልጥሎ ደረጃውን ወረደና ከታክሲው ኋላ ጫነላት። ተመልሶ ሲወጣ አማቱን ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ተቀምጠው አገኛቸው።

"ሰፋ ያለ ክፍል እስካገኝ ነው ብላኛለች" አሉ። "አሁን የምትገባበት ከጓደኛዋ ጋር የምትጋራው ነው።"

"እሺ።"

"ሾርባ አለ።"

"እሺ።"

ተቀምጠው በሉ። እነሆ ከዚያ ወዲህ ወራት አለፉ፤ ሰፋ ያለው ክፍልም አልተገኘም።

ቢሮ ውስጥ ሰከን ነው የሚሉት። ነገር ተበላሽቶ ሁሉም ሲንጫጫ እሱ "ሰከን በሉ" ማለት ስለሚወድ ወጣለት፤ ቀስ በቀስም የገዛ እህቱ ሳትቀር በዚያው ትጠራው ጀመር። ሚስቱ ከሄደች በኋላ ሐዘኑ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። ጥርሱን ሊያስነቅል መርፌ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲዳስስ የሌላ ሰው ጉንጭ እንደሚመስለው፣ እሱም ቤቱን፣ አልጋውን፣ የሚስቱን ባዶ ቁም ሣጥን እየዳሰሰ ያልፍ ነበር። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። የአማቱን የደም ግፊት ክኒን ሳያልቅ ይገዛል። እሳቸውም ሸሚዙን ይተኩሳሉ። ልጃቸው ስትደውል በረንዳ ወጥተው በሩን ገርበብ ያደርጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ስለ እሷ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም።

እህቱ በስልክ ትነተርከው ነበር። "የሄደች ሴት እናት ቤትህ ምን ታደርጋለች? ሰው ምን ይላል?"

"ምን ይላል?" አላት ከልቡ። ማወቅ ፈልጎ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አንድ ሰኞ ማታ አማቱ የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ፣ "ልጄ ደውሎ ነበር" አሉት። ወንዱን ልጃቸውን ነው። "እሁድ በመኪና መጥቼ እወስድሻለሁ ይላል። ምን ልበለው?"

ሰከን ትንሽ አሰበ። "እንደሚመችዎት" አለ።

እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና ያጣጠፉትን ፎጣ ፈትተው እንደገና ያጣጥፉት ጀመር። የተናገረው ነገር እንዳልሆነ ገባው፤ ምኑ ላይ እንዳልሆነ ግን አልገባውም። ክፍሉ ገብቶ ተኛ።

ቢሮው ከአንድ የመኪና ጎማ መሸጫ በላይ ያለ ፎቅ ነው። ቀኑን ሙሉ የጎማ ሽታ ይገባል። የሚሠሩት ኮምፓይለር ነው። ሰው ፕሮግራም ሲጽፍ ለሰው በሚገባ መንገድ ይጽፋል፤ ማሽኑ የሚገባው ግን ጥቃቅን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ በመሃል ሆኖ የሚተረጉመው ኮምፓይለሩ ነው። የሰከን ድርሻ ከትርጉሙ በኋላ ያለው ነው፦ ትእዛዞቹን ማሳጠርና ማፍጠን። ትርፉን ይቆርጣል፣ የቀረውን ቦታ ያዛውራል፣ ሁለት ተመሳሳይ ሲያገኝ አንድ ያደርጋል። ችግሩ አንዳንዱ ትእዛዝ ሊከሽፍ መቻሉ ነው። እንዲህ ላለው "ይህ ቢከሽፍ ወደዚህ ሂድ" የሚል መረጃ ይያያዝለታል፤ እነሱ የኤክሴፕሽን መረጃ ይሉታል። ሁሉ ነገር ደኅና ሲሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ማክሰኞ ጠዋት አለቃው መጣች። ሥራ የጀመሩት አብረው ስለሆነ አለቅነቷን አታበዛበትም፤ ባለጎማ ወንበሯን ሳትነሳ በእግሯ እየገፋች ነው ጠረጴዛው ድረስ የመጣችው።

"ሰከን፣ ጉድ መጥቷል። በኛ ኮምፓይለር የሚሠራ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። ሁለት ክፍል አላቸው። የክፍል ሁለት ቴርሞሜትር ሲበላሽ ስክሪኑ ክፍል አንድ ተበላሸ አለ።"

"ፕሮግራማቸው ስህተት ይሆናል።"

"እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ፕሮግራመራቸው ግን ፕሮግራሙን ልካለች፣ አየሁት፤ አንድም እንከን የለበትም። ቢሮዋ ስትሞክረው በትክክል ይሠራል፤ እዚያ መጋዘኑ ውስጥ ነው የሚቃወሰው።"

"ቢሮዋ ስትሞክር ማፍጠኛውን ታበራለች?"

አለቃው ስልኳን አውጥታ የፕሮግራመሯን መልእክት አየች። ከዚያ "አታበራም" አለች። ማፍጠኛው ማለት የሰከን ድርሻ ነው።

የሆነው ይህ ነበር። የበዓል ቀን ጠዋት የመጋዘኑ ደወል ጮኸ። ስክሪኑ ክፍል አንድ አለ። የማቀዝቀዣ ጠጋኙ ከቤቱ ተጠርቶ መጣና ክፍል አንድ ገባ። ቴርሞሜትሩን ቀየረ፣ ደወሉ አልቆመም። ገመዱን ቀየረ፣ አልቆመም። ቀኑን ሙሉ ደህናውን ክፍል ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። የታመመው ክፍል ሁለት በበኩሉ ስክሪኑ ላይ የመጨረሻውን ደህና ቁጥሩን እያሳየ፣ ማቀዝቀዣው የሙቀት ንባብ አጥቶ ስለቆመ፣ ከግድግዳው ባሻገር ሞቀ። የስኳር ሕመምተኞች መርፌ ነበር የተቀመጠበት፤ በሙሉ ተጣለ። አስተዳዳሪው ጠጋኙን ከሥራ አገደው። የጎረቤቱን በር ከፍተህ ማየት እንዴት ያቅትሃል አለው።

ሰከን ረቡዕ መጋዘኑ ድረስ ሄደ። ጠጋኙንም ለዚያው አስጠርተውት ነበር። ጋሽ በረዶ ይሏቸዋል፤ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድባቸው ያጠለቁ ሽማግሌ ናቸው። "ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ተከራይቶ ነው የሚኖረው" አሉት ሲጨብጡት፤ እጃቸው ግን ትኩስ ነበር።

"ጋሼ፣ እስቲ የክፍል ሁለትን ገመድ ይንቀሉልኝ" አላቸው።

ነቀሉት። ደወሉ ጮኸ። ስክሪኑ በቀይ፣ ክፍል አንድ አለ። አስተዳዳሪው ወለሉን አየ። ጋሽ በረዶ ገመዱን መልሰው ሰኩትና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

በኋላ ዕቃ በሚወርድበት ደረጃ ላይ ተቀምጠው በላስቲክ ኩባያ ሻይ ጠጡ።

"እገዳው አይደለም ያንገበገበኝ" አሉ ሽማግሌው። "ሰው ሲናደድ ያግዳል። በነጋታው ሄድኩና፣ ልግባ ወይስ ቤቴ ልቀመጥ አልኩት። እንደተመቸህ አለኝ።" ሻይዋን አየት አደረጓት። "ይሄ ለሰው የሚባል ነገር ነው? ውጣ ቢለኝ እወጣለሁ። ግባ ቢለኝ እገባለሁ። እንደተመቸህ ሲለኝ ግን የት ልሂድ? ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ መንገዱ አልታየኝም።"

ሰከን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ኩባያውን ይዞ ቆየ።

ቢሮ ተመልሶ ትእዛዞቹን ዘረገፋቸው። ብዙ አልፈጀበትም። ፕሮግራሙ ወደ አንዱ ክፍል ሲሄድ የዚያን ክፍል አድራሻ ያዘጋጅና "አንብብ" ይላል፤ ወደ ሌላው ሲሄድም እንዲሁ። ማፍጠኛው ሁለቱን "አንብብ" አየና አንድ ናቸው ብሎ አዋሃዳቸው። ንባቡ ልክ ነው፤ የመጣው አድራሻ የየትኛውም ክፍል ይሁን፣ ሙቀቱን በትክክል ያመጣል። ግን የመጀመሪያው "ብከሽፍ ወደ ክፍል አንድ ደወል" ይል ነበር፣ ሁለተኛው "ወደ ክፍል ሁለት ደወል"። ሲዋሃዱ የመጀመሪያው መረጃ ተጠበቀ፣ የሁለተኛው ተጣለ። ቴርሞሜትር በየቀኑ አይበላሽምና ለዓመታት ማንም ልብ አላለውም። የማፍጠኛውን ያን ቦታ የጻፈው ማን እንደሆነ ሊያይ ቢሞክር ብዙ ሰው ነካክቶት ኖሮ ጥፋቱን ማንም ላይ ማሳረፍ አልቻለም።

አስተካከለው። ሁለት ትእዛዝ ከመዋሃዱ በፊት ወዴት እንደሚኬድ የሚናገረውም መረጃ ይመሳከር፤ ከተለያየ ውህደቱ ይተው። ትእዛዝ ቦታ ሲዛወርም መረጃው አብሮት መሄዱን የሚፈትሽ ሙከራ ጻፈ። ሙከራው ሌላ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ስህተት ያዘ። ያንንም አስተካከለ። ደስ ሊለው ይገባ እንደነበር ያውቃል፤ ድሮ እንዲህ ያለ ስህተት ሲያገኝ እጁን እያፋተገ ቢሮውን ይዞር ነበር። አሁን ፋይሉን አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

አለቃው ለደንበኛው የምትልከውን ደብዳቤ አስነበበችው። አልፎ አልፎ፣ በልዩ ሁኔታ፣ ሊያጋጥም የሚችል ስህተት፣ ይላል።

"አንድ ነገር ጨምሪበት" አለ። "ጠጋኙ አልተሳሳቱም በዪ።"

"ሰከን፣ የሕግ ሰዎቻችን ጥሬዬን ነው የሚበሉኝ።"

"ስክሪኑ ያላቸውን ነው ያደረጉት። ስክሪኑን ያሳሳትነው እኛ ነን። ይኸው ነው።"

ቀና ብላ አየችው። "ተናደህ ነው?"

"አይ።"

"አዝነህላቸው?"

ቆም ብሎ ውስጡን ፈለገ። "አላውቅም። ልክ ስለሆነ ነው።"

ጻፈችው። አርብ ከሰዓት ጋሽ በረዶ ደወሉለት። ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ይቅርታ ያላቸው ሰው የለም፤ የእገዳውን ቀን ግን ፈቃድ ብለው መዘገቡላቸው። "ፈቃድ ላይ ነበርኩ ማለት ነው" አሉና ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ብቅ በል፣ ብርድ እጋብዝሃለሁ።" ሰከን እሺ አለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ እሺ ማለቱን እንጂ ምን ብለው እንደጋበዙት ልብ አላለም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አማቱ ልብሳቸውን አልጋ ላይ ዘርግተው ሻንጣ ሲያዘጋጁ ደረሰ። በሩ ላይ ቆመ። ክፍሉ የሳሙና ሽታ ነበረው። ሹራባቸውን አጥፈው አስገቡ፤ ክኒናቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ፤ ቀና አላሉም።

"እማዬ" አላቸው።

"አቤት።"

"አይሂዱ። ይቀመጡ።"

እጃቸው ሻንጣው ውስጥ እንዳለ ቀረ። "ሰኞ ለት እንደሚመችዎት ብለኸኝ የለም እንዴ?"

"ብዬ ነበር። እንዲያ ማለት አልነበረብኝም።"

"እኔ የጥገኝነት ኑሮ አልኖርም" አሉ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። "እሷ የለችም። አንተ ደግሞ ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትውላለህ። እኔ ግድግዳ ሳነጋግር ልኑር? ዛሬ ምን ተሰምቶህ ነው ተቀመጪ የምትለኝ?"

ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር። ናፍቆት፣ ብቸኝነት፣ አንዱን ቢያነሳ ይበቃ ነበር። ግን አፉ ላይ አልመጣለትም።

"ምንም አልተሰማኝም" አለ። "ከሄደች ጀምሮ ምንም አይሰማኝም። ግን ይቀመጡ። እንዲቀመጡ እፈልጋለሁ።"

አማቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ድምፅ በሌለው ሳቅ ሳቁ። "እንዲህ ተብሎ ሰው ይለመናል?" አሉ። "ሰውዬ፣ በጤናህ ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"ና ተቀመጥ በል።" ሹራቡን ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁለት። "ለሷ ነግረሃታል? አይሰማኝም ብለህ?"

"አልጠየቀችኝም።"

"አንተስ መናገር የለብህም?"

"ነበረብኝ" አለ።

እሁድ ልጃቸው የመኪናውን የኋላ ወንበር አጥፎ መጣ። እናቱ ምሳ አቅርበው ጠበቁት። ሻንጣ ባያይ ግራ ገብቶት፣ "እማ፣ ተዘጋጅተሽ የለም እንዴ?" አለ።

"እዚሁ ነኝ። ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።"

"በምን ሒሳብ? እህቴ የለችም እኮ።"

"ተቀመጪ ተባልኩ፤ ተቀመጥኩ" አሉ እናቱ። "አንተም ጥራኝ፣ አልፎ አልፎ መጥቼ አድራለሁ።"

ልጁ ሰከንን ገላመጠው። ነገር ሊያነሳ ፈልጎ ነበር፤ የሚጣላው ሰው ግን አላገኘም፤ ሰከን ሩዙን በሹካ እየሰበሰበ በጸጥታ ይበላ ነበር። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ትከሻውን ነካ አደረገው። "ከተቸገርክ ደውልልኝ" አለ፤ ኮስተር እንዳለ።

ሳህኖቹን አማቱ አጠቡ፣ ሰከን አደረቀ። ውሃው እየፈሰሰ፣ "ሰሞኑን ምን ነበር ሥራ ያበዛብህ?" አሉት። ጠይቀውት አያውቁም ነበር፤ እሱም ለማንም ተናግሮ አያውቅም። የመጋዘኑን፣ የሁለቱን ክፍሎች፣ የሽማግሌውን ነገር ከመጀመሪያው ነገራቸው። ሲጨርስ ቧንቧውን ዘጉ።

"የተጣለው መድኃኒት ግን" አሉ። "የሚጠብቀው ሰው ነበረ አይደል? እነሱስ ምን አደረጉ?"

አላወቀም። አንድም ሰው ይህን ሲያነሳ አልሰማም፤ እሱም አላነሳውም። እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘ ቆመ።

"ነገ እጠይቃለሁ" አለ።

አማቱ የመጨረሻውን ሳህን አቀበሉት።