ባሕር የሚያሳየው ክፍል

ለጫጉላ ጉዟቸው አወል የመረጠው ፓጄን ነበር፤ ኢልሃም ደግሞ ኑንግዊን። ፓጄ ባለችበት በዛንዚባር ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለቴ ወደ ኋላ እንደሚሸሽ፣ ያን ጊዜ ባሕር ፍለጋ የወጣ ሰው በአሸዋና በባሕር ሣር መካከል ብዙ መንገድ ለመሄድ እንደሚገደድ አንብባለች። በሰሜኑ ጫፍ፣ ኑንግዊ ላይ ግን ውሃው እምብዛም አይርቅም። ይህንኑ በስልክ ስታስረዳው አወል ሳቀ።

«አንቺ እኮ ዋና አትችዪም። ውሃው ሸሸ አልሸሸ ምን ቸገረሽ?»

«ተከፍሎበት ሊሸሸኝ ነው እንዴ!» አለችው።

ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻ እሱ ተረታ። ቀጥሎ የክፍሉ ጉዳይ መጣ፤ አንደኛው ባሕሩን የሚያሳይ፣ ሌላኛው የአትክልቱን ቦታ። ባሕር የሚያሳየው ይሁን ያለው እሱ ነው። አልጋው አጎበር አለው ወይ ብሎ የጠየቃትም እሱ ነው። እሷ ሆቴሉ ድረስ ጽፋ አጣራችና አለው አለችው። የዝናቡን ወራት አይታ ጉዞው ከዝናብ በኋላ እንዲሆን አደረገች። ለፀሐዩ ሰፊ ባርኔጣ፣ ለአሸዋው ነጠላ ጫማ ገዛች።

ኢልሃም ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። ነገር ማጣራት ልማዷ ነው። ለልጁ የሐኪም ማዘዣ ይዞ የመጣ ሰው የልጁን ክብደት ሳይነግራት መድኃኒት አይወስድም። አወል የፎንቆ ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃን አብረው ተምረዋል። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ አሁን እዚያ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ሱቅ አለው። ሽማግሌ ልኮ አባቷን አቶ ነስሩን ጠየቀ፤ አባቷም እሺ አሉ። ሱቁን ትቶ እስከ ሆሳዕና መምጣት አይመቸኝም ስላለ ኒካሑ በወኪል እሑድ ሊታሰር ነው። ወኪሉ ታላቅ ወንድሙ ሙክታር ነው። ከኒካሑ በኋላ እሷ ከአዲስ አበባ፣ እሱ ከጆሃንስበርግ ተነሥተው ዛንዚባር ይገናኛሉ። አንድ ሳምንት ይቆያሉ። ከዚያ እሷ ወደ ሥራዋ ትመለስና የቪዛዋ ጉዳይ ሲያልቅ በአውሮፕላን ትከተለዋለች። የተባለው እንዲህ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሙክታር መድኃኒት ቤቱ መጣ። ከሆሳዕና ጊምቢቹ ሚኒባስ ይነዳል፤ መኪናውን ተራ አስይዞ ነው የመጣው።

«ሙሽራዬ! ቶሎ አስተናግጂኝማ፣ ተራዬ እንዳያልፍ። የመንገድሽን መድኃኒት ልይዝ ነው። ሻንጣዋን አንተ አሰናዳላት ብሎኛል አወል።»

«የምን የመንገድ መድኃኒት?»

«ያው የሚታወቀው ነዋ። ኦአርኤስ፣ እሱን በርከት አድርጊው። የወባ ክኒን። የሆድ። የውሃ ማከሚያ። ፋሻ። ቫዝሊን፣ ለእግር።»

የኢልሃም እጅ መደርደሪያው ላይ ደርሶ ነበር፤ እዚያው ቆመ። ይህን ትእዛዝ ታውቀዋለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት እናቶች ናቸው። ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልክ በዚሁ ቅደም ተከተል ይጠሩታል። ለማን እንደሆነ አይናገሩም፤ ሻጩም አይጠይቅም። ልጃቸው ሞያሌን አልፎ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ሞዛምቢክን በጭነት መኪና ሆድና በእግር አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ሲነሣ የሚያዝለት ነው። ቫዝሊኑ ለቆሰለ እግር ነው።

«ሙክታር፣» አለች፤ «በረራው የሦስት ሰዓት ያህል ነው። የማርፈው ሆቴል ነው። ይሄ ሁሉ ኦአርኤስ ምን ሊያደርግልኝ?»

«የሰው አገር አይደል? አይታወቅም።» ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰና በአንድ ትንፋሽ ጨመረ፦ «የሴቶቹንም አትርሺ ብሏል። የሦስት ወሩን መርፌ። ከመነሣትሽ በፊት እዚሁ ተወጊው።»

ከጎኗ ክኒን የምትቆጥረው ገነቴ ቆጠራዋን አቆመች።

ኢልሃም ያን መርፌ ለመንገድ ብለው የሚወጉትን ሴቶች ታውቃለች። ባል ያላትም የሌላትም ትመጣለች። ተወጉ የሚላቸው ደላላው ነው። መንገድ ላይ የሚደርስባቸውን ነገር ሊያስቀርላቸው አይችልም፤ ሊያስቀርላቸው የሚችለው ማርገዛቸውን ብቻ ነው።

«ለማን ነው መርፌው?» አለች።

«እንዴ፣ ለአንቺ ነዋ።»

«እኔ የምሄደው ባሌ ዘንድ ነው። ከባሌ እንዳላረግዝ መርፌ የሚያዝልኝ የባሌ ወንድም ነው?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ!»

መድኃኒት የሚጠብቁት ሰዎች ዞር አሉ። ሙክታር የመኪናውን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ ግራ በገባው ድምፅ፦ «አወል አልነገረሽም እንዴ?» አለ።

ጋዋኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ገነቴ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለቻት። ባጃጅ ይዛ ወደ ቤት ሄደች። የያዛት ፍርሃት መስሏት ነበር፤ ቤት ስትደርስ ግን ንዴት እንደሆነ ለየችው። ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ባጃጁ እንዲህ አይዘገይባትም ነበር።

ቤት ውስጥ የእሑዱ ዝግጅት ነው። እናቷ ፋጡማ ከዕድር የመጡትን ሳህኖች ይቆጥራሉ፣ ታናሽ እህቷ ሂክማ ጓሮ ታጥባለች፣ አባቷ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የሚጠሩትን ሰዎች በቃላቸው ያወጣሉ ያወርዳሉ። ሙክታር ተራውን ትቶ ተከትሏት መጣና በሩ ላይ ቆመ። ኢልሃም ሰላምታ አላቀረበችም። ለአወል ደወለችና ድምፁን ለሁሉም ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ኢሉዬ!» አለ አወል ደስ ብሎት። «አሁን ደግሞ ፓጄ ይሻላል ልትዪኝ ነው?»

«ኑንግዊ ላይ ማን ነው የሚቀበለኝ?»

ከጀርባው የሱቅ ጫጫታ ይሰማል።

«የሚቀበልሽ ሰው አለ። ጎበዝ ልጅ ነው።»

«አንተስ?»

«ኢሉ፣ የኔን ወረቀት ታውቂያለሽ። የጥገኝነት ወረቀት ነው። ከዚህ አንዴ ከወጣሁ መመለስ የለም።»

«አላውቅም። ስላልነገርከኝ አላውቅም! አልጋው አጎበር አለው ወይ ያልከኝ ለማን ነው? ለደላላው ነው?»

«እንደሱ አትበይ። ደስ እንዲልሽ ነው። ወላሂ፣ ስንመርጥ እኔም የምመጣ ይመስለኝ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ተቀምጬ ፎቶዎቹን አያለሁ። ያን ሰማያዊ ውሃ...»

ይህ ባሰባት። ሆን ብዬ አታለልኩሽ ቢላት ንዴቷ አንድ ማረፊያ ባገኘ። እሱ ግን እሷን በሸነገለበት ነገር ራሱንም ሲያዝናና ከርሟል። ባሕር የሚያሳየውን ክፍል ሲመርጥ፣ የማይተኛበትን አልጋ አጎበር ሲጠይቅ፣ ከልቡ ነበር። እሷን ለደላላ አሳልፎ በሚሰጥበት መንገድ ላይ ከልቡ አበባ ተክሏል።

«ጎበዙ ልጅ ከዚያ ወዴት ነው የሚወስደኝ?»

«በጀልባ ወደ ዳሬሰላም። ከዚያ በመኪና። ጥሩ መኪና ነው፣ እንደ ድሮው አይደለም። በጎብኚ ስም ስለምትገቢ የሞያሌና የኬንያ ጣጣ የለብሽም። ግማሹ መንገድ ተቃለለልሽ ማለት ነው።»

«መርፌውስ? መርፌውን ያዘዝከው አንተ ነህ?»

ሱቁ ውስጥ አንድ ሴት በማያውቁት ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ለጥንቃቄ ነው» አለ በመጨረሻ።

ፋጡማ ሳህኑን አስቀመጡ። አቶ ነስሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ በጩኸት...»

ኢልሃም ዞረችባቸው። «አባ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«በመኪና ነው አሉኝ።»

«ከዛንዚባር እንደማልመለስ ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«በመኪና ነው አሉኝ» አሉ ደግመው፣ ቃሉ ራሱ መቀመጫና መስኮት ያለው ይመስል።

«እማ?»

«የጎረቤቱ ልጅ ሁሉ እንዲሁ አይደል የሄደው?» አሉ ፋጡማ። «ማን በአውሮፕላን ሄደ? ደረሱ፣ ለእናት ለአባታቸው ቤት ሠሩ።»

«ቤት የሠሩት የደረሱት ናቸዋ! ያልደረሱት በምን ይሥሩ?» ድምጿ ተሰነጠቀ፤ አልቀነሰችውም። «ነጠላ ጫማ ስገዛ አይተሽኛል። ባርኔጣውን አንቺ ራስሽ ነሽ ልኪው እስቲ ያልሽኝ። ስቀሽ ነበር! በየትኛው ጫካ እንድለብሰው ነው? የእሑዱ ኒካሕ ቀርቷል። ስማ አወል፣ ቀርቷል!»

«ኢሉ፣ ተረጋጊና...»

«እንዴት እንዴት ነው ነገሩ?» ሙክታር ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። «ድንኳን ተከራይተናል፣ ሼኹ ተነግሯቸዋል፣ የፎንቆ ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። ልጁ ስንቱን አሳልፎ ደላላ አስይዞልሻል፣ አንቺ ትቀብጫለሽ። ካልፈለግሽ ተይዋ! ሴት ጠፋ? ሂክማ እንኳ ብትጠየቅ ነገ ተነሥታ ትሄዳለች።»

ኢልሃም አባቷን ጠበቀች። አንድ ቃል ነበር የፈለገችው፤ ነውር ነው የሚል፣ ውጣ የሚል፣ ማንኛውም ቃል። አቶ ነስሩ የምንጣፉን ጥለት ይመለከቱ ነበር። እናቷን አየች። ፋጡማ የሚያዩት እሷን አልነበረም፤ የጓሮውን በር ነው። ሂክማ በእርጥብ እጇ መቃኑን ይዛ ቆማለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና እንደ አብዛኛው የክፍል ጓደኛዋ አላለፈችም፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ነው የዋለችው።

«በመኪና ከሆነ...» አለች ሂክማ፣ ማንንም ሳታይ። «ስንት ቀን ነው የሚፈጀው?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የኢልሃም ንዴት የአንድ ሰው ዕዳ ነበር። አሁን ለክፍሉ ሁሉ ተዳረሰ። እህቷን በጥፊ ልትላት እጇ ተነሥቶ ነበር። የሂክማን ፊት ስታይ ግን ቅብጠት አላየችበትም፤ የምር የምትጠይቅ፣ የምር ቀን የምትቆጥር ልጅ ናት። እጇን መለሰችና ስልኩን ከጠረጴዛው አንሥታ በእህቷ እርጥብ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«አወል፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«አሁን የያዘችህ ሂክማ ናት። መንገዱ ስንት ቀን ነው ብላሃለች። ንገራት።»

«ኢሉ፣ በአላህ ተይ።»

«ለኔ ፎቶ አሳየኸኝ። ለሷ መንገዱን ንገራት። የደላላውን ሳይሆን አንተ የሄድክበትን።»

«እኔ ስለሱ አላወራም። ለማንም አውርቼ አላውቅም።»

«አዎ፣ አላወራህም! አንተም ዝም፣ የደረሰው ሁሉ ዝም። ለዚህ ነው አባቴ በመኪና ነው የሚለው። ለዚህ ነው ወንድምህ እንደ ስኳርና ሻይ ቅጠል መርፌ የሚያዘኝ። ካልነገርካት አሁን ሼኹ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ኒካሑ ለምን እንደቀረ ከነመርፌው እነግራቸዋለሁ። ቀጥሎ የምትጠይቃት ልጅ ቤት ድረስ ሄጄ እነግራለሁ። ምረጥ።»

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?» አለ ሙክታር።

ከስልኩ ውስጥ የብረት መዝጊያ ሲጎተት ተሰማ፤ የሱቁ ጫጫታ ቀነሰ።

«የበቆሎ መኪና ነበር» አለ አወል። የሚያውቁት ድምፁ አልነበረም፤ ቀልዱ ተሟጥጦ የቀረ ድምፅ ነው። «እኛን ከታች አደረጉን፣ በቆሎውን ከላይ። አየር በጎን በኩል በቀዳዳ ነው የሚገባው። ተራ በተራ አፋችንን እያስጠጋን...» አቆመ። «ሂክማ፣ የኔን ተዪው። ለወንድ ሌላ ነው።»

«ለሴትስ?» አለች ኢልሃም።

«ሁለት ሴቶች ነበሩ አብረውን። አንዷ የዱራሜ ልጅ ናት። አስተማሪ ነበረች። በሚያሳርፉን ቦታ ሁሉ ማታ መጥተው እሷን...»

«በቃ!» ጮኸ ሙክታር። «አወል፣ ዝጋው! አባቷ እየሰሙ ነው!»

ፋጡማ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ግድግዳውን ተደገፉ። አቶ ነስሩ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ መነሣቱ ከበዳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከታናሿ ልጃቸው ሊቀበሉ ተራመዱ። ኢልሃም መሐል ልትገባ ስትል ሂክማ ቀደመቻት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘች።

«ቆይ፣ አባ» አለች።

ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እሺ» አለችው። «የዱራሜዋ አስተማሪ። ከዚያስ?»