ያልታወቀ አባዢ

የተሰነጠቀውን የስልክ መስታወት በሙቅ አየር እያለሰለሰ ጥጉን በቀጭን ምላጭ ከፈት ሲያደርግ ነበር ሴትየዋ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ዘፈን የከፈተችው። ደብል ቀና አላለም። ወደ ሱቁ የሚመጣ ሰው ሁሉ ተራው እስኪደርስ አንድ ነገር ይከፍታል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ግን ዜማው ለአንድ አፍታ ዝቅ አለና፣ ደረጃ እንደሳተ ሰው ተንገዳግዶ ተመልሶ ቆመ። ደብል ምላጩን እንደያዘ ቀረ።

"ያውቁታል አይደል፣ ጋሼ?" አለችው።

"የማያውቀው ማን አለ።"

"አባቴ ነው የዘፈነው።"

ከዚያ በኋላ ያወራችውን አንድ ቃል ሳያመልጠው ሰማ። አባቷ የመጀመሪያ አልበሙን ያሠራው የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ነው። አሳታሚው እንዲያከፋፍልለት ብቻ ተስማምተው ነበር። አምና፣ ሥራው በስሙ ይቀመጥ ብላ ኢንተርኔት ላይ ብትጭነው፣ በሁለተኛው ቀን "የሌላ ሰው ንብረት ነው" የሚል ማስታወቂያ መጥቶ ወረደ። ባለቤት ነኝ ያለው፣ ቤተሰቡ ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ አንድ ድርጅት ነው። ከሟቹ አሳታሚ ወራሾች ዋናውን የቅጂ ክር ገዝቻለሁ፣ የጫንኩትም ከሱ ገልብጬ ነው ይላል። አሁን የከፈተችውም እሱኑ ነው። የአባቷ ክር ደግሞ ቤት ሲቀያይሩ ከጠፋ ዘመን አልፎታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጠበቃቸው "ዳኛ ማስረጃ እንጂ ዝና አይሰማም" ስላላቸው፣ ያኔ የታተመ አንድ ንጹህ ካሴት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር ከጀመረች ይኸው ሳምንቷ።

"እርስዎ ድሮ ካሴት ይሸጡ ነበር ብለውኝ ነው።"

"ነበር" አለ ደብል። "ዛሬ ማን ያስቀምጣል። እስቲ ቤት ልይ።"

ቁጥሯን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋለት ሄደች። መስታወቱን ሲገጥም ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

ደብል የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰላሳ ዓመት አልፎታል። ያኔ ካሴት ከካሴት የሚቀዳ፣ ደብል የሚሉት ባለ ሁለት በር ቴፕ ነበረው። ኋላ ቴፖቹ አራት ሆኑ። አዲስ አልበም በወጣ ማለዳ አንድ ካሴት ይገዛል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዱ ሃምሳ ይሆናል። ሽፋኑን ፎቶ ኮፒ አስነስቶ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ገዝቶ ያመጣውን ካሴት "እናት" ይለው ነበር። እናት ቶሎ እንዳታረጅ ከሷ አንድ "ልጅ" ይቀዳል፣ ለገበያ የሚወጣው ሁሉ ከልጁ የሚቀዳ የልጅ ልጅ ነው። የዚህን ድምፃዊ አልበም ልጅ ሲቀዳ ታዲያ መብራቱ ድንገት ደከመና የቴፑ ሞተር እንደማዛጋት አለ። ገዢ ደጅ ላይ ቆሞ ስለነበር እንደገና አልቀዳውም። ያቺ መንገዳገድ ከሱ ሱቅ በወጣው ካሴት ሁሉ ውስጥ ገባች። ከሱ ሱቅ በወጣው ብቻ።

ድርጅቱ ዋና ክር ብሎ የታቀፈው፣ እንግዲህ፣ የደብልን የልጅ ልጅ ነበር።

ሌላም የማይረሳው ነገር አለው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ድምፃዊው ራሱ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ደብዝዞ የታተመ ፊቱን መደርደሪያው ላይ በተርታ አየው። ደብል ይሰድበኛል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብሎ ጠበቀ። ሰውየው ግን ዋጋ ጠይቆ፣ ከፍሎ፣ አንዱን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ከዚያች ቀን ወዲያ ያንን አልበም አላባዛሁም ቢል ደብል ደስ ባለው ነበር፤ ግን አባዝቷል። እጁን ያነሳው ኋላ ነው፣ ስልክ መጥቶ ሰው ሁሉ ደብል ሲሆን።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥኑን ጎተተ። የዚያ አልበም እናትም ልጅም ነበሩ። የእናት ክር ተጣብቆ ስለነበር አምስቱን ብሎን ፈትቶ ወደ ሌላ ቅርፊት አዛወረው። ባለቤቱ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ታየዋለች። አዳምጦ ሲጨርስ ሁሉንም ነገራት።

"ካሴቱን ስጣቸውና ና" አለች። "ሰው የረሳልህን አንተ ምን ቆርጦህ ታስታውሳለህ? ልጃችን አማቾቹ ፊት ምን ብሎ ይቆማል?"

"ምንም አልልም። ካሴቱን ብቻ ነው የምሰጠው።"

"እሱን አድርግ" አለችና ምሳውን አቀረበች።

በማግስቱ ወደ ጠበቃው ቢሮ ሦስት ፎቅ ወጣ። ወንበሮቹ ላይ ሁሉ ፋይል ተቆልሎ ስለነበር የድምፃዊው ልጅ አንዱን አንስታ ደብልን አስቀመጠችው። ሽማግሌው ድምፃዊ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ መስኮቱ ስር ተቀምጧል። ደብልን አላወቀውም። ጠበቃው መጀመሪያ እናትን አጫወተ፤ ድምፁ ያቺን ቦታ ሳይሸራረፍ አለፈ። ልጁን አጫወተ፤ ተንገዳገደ። ድርጅቱ የጫነውን ከኮምፒውተሩ ከፈተ፤ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ ተንገዳገደ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። "ሰርግ ላይ ስዘፍን እዚያች ቦታ ስደርስ ሕዝቡ ወደ ኋላ ይቀርብኝ ነበር። የሙዚቃ ባንዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እነሱ ይንገዳገዳሉ። ምን ነክቷቸው ነው እላለሁ።"

ጠበቃው ሁለቱን ካሴቶች አገላብጦ አየ። አንዱ ላይ "እናት"፣ ሌላው ላይ "ልጅ" ብሎ የጻፈው እጅ አንድ ነው። ደብልን ቀና ብሎ አየውና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

"እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ካሴቶቹ በምስክሩ እጅ ቆይተዋል፤ ሁለተኛውን ያባዛው ሰው ያልታወቀ ነው። ከዚህ በላይ እኔም አልጠየቅኩም፣ እርስዎም አልነገሩኝም።"

"ይበቃል?"

ሊበቃም ላይበቃም ይችላል፣ አለ ጠበቃው። ያኛው ወገን፣ ጉድለቱ ድሮውኑ ዋናው ክር ላይ ነበረ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተሳሳተው ድምፃዊው ራሱ ነው፣ ደህናው ካሴት ኋላ የታረመ ነው ሊል ይችላል። መንገዳገዷ ከየት እንደመጣች የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ነገሩ እሰጥ አገባ ሆኖ ይቀራል። ሰው ከተገኘ ደግሞ ያ ሰው በአደባባይ ሌባ መባልን መቻል አለበት። ዘመን ስላለፈ እሱን መክሰስ በይርጋ ቢታገድም ምላስ ግን ይርጋ የለውም።

"እኔ አልተሳሳትኩም" አለ ሽማግሌው። ቁጣ አልነበረበትም። ወደ መስኮቱ እያየ ነበር ያለው።

ደብል ደረጃውን ሲወጣ ካሴቱን ሰጥቶ ለመመለስ ነበር ያሰበው።

"አልተሳሳቱም" አለ። "መብራቱ ነው የደከመው። እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ስቀዳ።"

ሽማግሌው ፊቱን መለሰና ብዙ ቆይቶ አየው። ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

"ስንት ካሴት አወጣህ?"

"ከሁለት ሺህ ያልፋል።"

"እኔ ካሳተምኩት ይበልጣል።" ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ረግጬው በማላውቀው ከተማ ሁሉ ዘፈኔን ያወቁልኝ ባንተ ነው። ጦሜን ያደርኩትም ባንተ ነው። የትኛውን አስቀድሜ እንደምነግርህ ግራ ገባኝ።"

ደብል ይቅርታ ሊል ነበር፤ ቃሉ ለሁለት ሺህ ካሴት አነሰበት። ወደ ጠበቃው ዞረ።

"ያልታወቀ የሚለውን ያጥፉት።"

"አስበውበታል? ቀኑን፣ ሱቁን፣ ብዛቱን፣ ሁሉንም ነው የምጽፈው።"

"ይጻፉት።"

ጠበቃው አጠፋና ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጠየቀው። ደብል ተናገረ። ማንም ከጠራው ዘመን ያለፈው ስም ስለሆነ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ጠበቃው መጻፍ ጀምሮ ገና በመጀመሪያው ፊደል ቆመ።

"በየትኛው ሐ ነው? በሐመሩ ነው በሀሌታው?"

በየትኛውም ቢጻፍ ግድ የለም ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋ።

"በሐመሩ" አለ። "ቆይ፣ ሲጽፉት ልየው።"