ጉባኤው ዝም ያለ ዕለት

ላ ኔብሊና በሚባለው የኮስታ ሪካ ተራራ ላይ የትምህርት መዝጊያ ሲቃረብ ሥራ የማይበዛበት ሰው የለም። ዘንድሮም በትምህርት ቤቱ በራፍ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ጢም ብሎ ተጽፎበታል፦ ማክሰኞ የትንንሾቹ ትያትር፣ ሐሙስ የአጥር ጥገና፣ አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ዓርብ የታማል ጥቅለላ፣ ቅዳሜ መዝጊያ። ከቅዳሜ ሥር ደግሞ አንዱ በደቃቅ ፊደል «የሊሳንድሮ መሸኛ» ብሎ ጨምሮበታል። መምህርቷ ኤልቫ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ፊቷን ወደ ላሞቹ ታዞራለች። ሰሌዳው ምን አደረጋት? ምንም አላደረጋትም። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ የኩዌከሮች ነው። ጠመንጃ አንይዝም ብለው ከሰሜን አሜሪካ የተሰደዱ ክርስቲያኖች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ እዚሁ ከኮስታ ሪካ ሰው ጋር ተጋብተው፣ ላም እያለቡ አይብ እየሠሩ ይኖራሉ። ቄስ የላቸውም። አግዳሚ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ዝም ይላሉ፤ መንፈስ የቀሰቀሰው ብድግ ብሎ ይናገራል፣ ያልቀሰቀሰው አፉን ይዞ ይቀመጣል። ማዕረግ የሚባል ነገርም አያውቁም፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳይቀር ሽማግሌውን በስሙ ጠርቶ «አንተ» ይላል። የትምህርት ቤቱን ጉዳይ የሚወስኑትም በዚያው በዝምታቸው ነው። እጅ ማውጣት፣ ድምፅ መቁጠር የለም። አንዱ ሐሳቡን ያቀርባል፣ የልቡን የሚናገር ይናገራል፣ ደግሞ ዝም ይላሉ፤ በመጨረሻ ሰብሳቢዋ የሰዉን ልብ አይታ «እንግዲህ በዚህ ተስማምተናል» ትላለች። ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የመጸዳጃ ቤቱን በር ቀለም ለመምረጥ ክረምቱ ሙሉ ፈጅቶባቸዋል፤ እውነቴን ነው።

ሰብሳቢዋ ኤልቫ ናት። የትንንሾቹም መምህርት ናት።

ሊሳንድሮ ደግሞ ሒሳብና የእንጨት ሥራ ያስተምራል። ኤልቫን ራሷን መደመር መቀነስ ያስተማራት እሱ ነው፤ አባቷ ሲሞት ሣጥኑን የሠራውም እሱ ነው። ሰዉ ተቀምጦ ዝም የሚልባቸው አግዳሚዎች እንኳ የእሱና የተማሪዎቹ እጅ ናቸው። ይህ ሰው በጥቅምቱ ጉባኤ ላይ ተነሣና ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሽከረከረ እንዲህ አለ፦

«ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ብሎኛል። ሲዘንብ ልጆቹ ናቸው ደግፈው የሚያወጡኝ። ልጄ ፑንታሬናስ ከተማ መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እንግዲህ ጊዜዬ አልፎ እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ።»

ተቀመጠ። ሁሉም ዝም አለ።

የኤልቫ ልብ ያን ጊዜ ይደልቅ ጀመር። በእነሱ ዘንድ ልብ እንዲያ ሲደልቅ «ተነሥ፣ ተናገር» ማለት ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ግን ሰብሳቢ የራሷን ፍላጎት አታስገባም። የሰውን ሐሳብ ትሰበስባለች እንጂ የራሷን አትጭንም። ደግሞ ሊሳንድሮ እንደ አባቷ ነው፤ ብትናገር አዳላች አይሏትም? ሌላ ሰው ይናገር ብላ ጠበቀች። ከብት አርቢው ዊልፎርድ ቦት ጫማውን እያየ ነው። ሚስቱ ዳማሪስ ዓይኗን ጨፍናለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ የሚነሣ ጠፋ። በመጨረሻ «ሊሳንድሮ ያቀረበውን ጉባኤው በሰላም ተቀብሎታል» አለች።

ሊሳንድሮ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ባርኔጣውን አደረገና ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የተነፈሰ የለም። ከዋና ከተማው አንዲት ወጣት መምህርት ተቀጠረች። በልማዳቸው ለሚሄድ ሰው ከየቤቱ አንዳንድ ቁራጭ ጨርቅ ተጠልፎ፣ ተገጣጥሞ ብርድ ልብስ ይሆናል፤ የሁሉም ቁራጭ ገባ፣ የኤልቫ ብቻ ቀረ። አግዳሚ ልትጠልፍበት ጀምራ እግሩ እየተጣመመባት ስትፈታ ስትሰፋ ይኸው ታኅሣሥ ደረሰ።

ዓርብ ዕለት ሴቶቹ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ተሰብስበው የበቆሎ ሊጡን በሙዝ ቅጠል እየጠቀለሉ ታማል ያስራሉ። የወጥ ቤቷ አዛዥ ዶኛ ሚሬያ ናት። ሚሬያ ኩዌከር አይደለችም፤ እሑድ እሑድ ታች መንደር ቅዳሴ ትሄዳለች፣ ሰውን «ዶን»፣ «ዶኛ» እያለች በማዕረግ ትጠራለች፣ ለዝምታም ብዙ ትዕግሥት የላትም።

«አንቺ፣ ምን እያላላሽ ታስሪያለሽ? ውሃ ሊገባበት እኮ ነው!»

«እያሰርኩ ነው» አለች ኤልቫ።

«እያሰርሽ አይደለም፣ እያሰብሽ ነው። አምጪው ወዲህ።» ሚሬያ ታማሉን ከእጇ ቀማቻትና ፈትታ እንደገና አሰረችው። «ትናንት መሰላል ልዋስ ዶን ሊሳንድሮ ቤት ገብቼ ነበር። መጋዛቸውን፣ መላጊያቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። ‹ለልጆቹ አይተዉላቸውም ወይ?› ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹እኔን ካልፈለጉ መላጊያዬን ምን ያደርጉታል› አሉኝ።»

ኤልቫ ቀና አለች። «አልፈለግንህም ያለው ማነው?»

«ቅር ያላቸውስ ማነው?»

«እሄዳለሁ ያለው እሱ ነው፣ ሚሬያ።»

«ኧረ ተይኝ እባክሽ! ሰው እሄዳለሁ የሚለው ቅር እንዲሉት እኮ ነው! እኛ ብንሆን ኖሮ ኮሌታቸውን ይዘን፣ አልቅሰን፣ በር ላይ ተጋድመን እናስቀራቸው ነበር። ያ ሰካራም ባሌ እንኳ ሻንጣውን ባነሣ ቁጥር ‹የት ትሄዳለህ፣ ተቀመጥ› እለዋለሁ፤ ያውም እንዲሄድልኝ ስለቴን ተስዬ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ኤልቫ ግን አልሳቀችም።

«እኛ የማናምንበትን አንናገርም» አለች ቀስ ብላ።

«ደግ። የምታምኑበትንስ?»

ኤልቫ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወጣች።

በቀጥታ ወደ ዊልፎርድ በረት ሄደች። ዊልፎርድ የወተት ጋኖቹን እያጠበ ነበር፤ ዳማሪስ ውሃ ታቀብለዋለች።

«ዊልፎርድ፣ እውነቱን ንገረኝ። በጥቅምቱ ጉባኤ ሊሳንድሮ እንዲሄድ ፈልገህ ነበር?»

«እኔ?» ጋኑ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «ልጆቼን ሁሉ ሰው ያደረገልኝን? ምን ነካሽ ኤልቫ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ጺሙን አከከ። «ልነሣ ነበር። ልነሣ ስል ዳማሪስ ትናገራለች ብዬ ተውኩት።»

«እኔ ደግሞ ልቤ እያለቀሰ ቃሉ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ» አለች ዳማሪስ። «ሳይመጣልኝ ተነሥቼ ምን ልቀባጥር? ከዚያ አንቺ ‹ተቀብሎታል› ስትይ አንድ የምታውቂው ነገር አለ አልን። የታመመ መሰለን።»

ኤልቫ ሌሎች ቤቶችም ሄደች። የአይብ ሠሪዋም፣ የንብ አናቢውም መልስ ያው ነው። ሁሉም ሌላውን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሁሉም እሷን ሲጠብቅ ኖሯል። ወይ ጉድ! በዚያ ተራራ ላይ ሰውዬው እንዲሄድ የፈለገ አንድ ነፍስ የለም፤ ግን በአንድነት አሰናበቱት። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠሩት እንዲህ ያሉ ጥንቁቅ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ዓለም ቢሆን አንዱ ቀባጣሪ ተነሥቶ ያድነው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሊሳንድሮን በር አንኳኳች። ቤቱ ባዶ ሆኗል፤ ግድግዳው ላይ የመሣሪያዎቹ ምስማሮች ብቻ ቀርተዋል። እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አንዲት ትንሽ በርጩማ በአሸዋ ወረቀት ያሻል።

«ኤልቪታዬ! ግቢ ግቢ። ይቺ ለአዲሷ መምህርት ናት። ትንንሾቹ አጠገብ ስትቀመጥ ወገቧ እንዳይጎዳ።»

በልጅነት ስሟ ሲጠራት ኤልቫ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«ይኸው አለ። ፑንታሬናስ ዳገት የለም ይላሉ፤ ባሕር ብቻ ነው።» አቧራውን እፍ አለው። «ዛሬ ልጄ ትደውላለች። ቁርጡን ንገረኝ፣ ወይ ና ወይ ተው ብላለች። እኔም በዛሬ ነገ ስጎትታት ከረምኩ፤ ምን እንደምጠብቅ እንጃ።»

ማሸቱን ተወና አያት።

በሉ እንግዲህ! በሩ ይኸው ወለል ብሎ ተከፈተላት። «አትሂድ» ብትለው ምን ነበረበት? ልቧ እንደዚያ ቀን ይደልቃል። ግን ኤልቫ ሰብሳቢ ናት፤ ጉባኤ የወሰነውን በጓሮ አትሽርም። ነገ ጠዋት ሰዉ ሁሉ ይቀመጣል፤ እዚያው በተሳሳተችበት ቦታ ተነሥታ ታርመዋለች፤ ሥርዓቱም ይኸው ነው። አንድ ሌሊት ምን ያመጣል ብላ ቃሏን ዋጠች።

«ነገ በጠዋት እንገናኝ» አለችው።

«ነገ በጠዋት» አለ ሊሳንድሮ፤ ወደ በርጩማው ጎንበስ አለ።

ያን ምሽት ቁራጭ ጨርቋን ጨርሳ ብርድ ልብሱን ለምትገጣጥመው ለዳማሪስ ላከችላት። የአግዳሚው እግር እንደተጣመመ ነው፤ ግን ጨርሳዋለች። እኔን ከጠየቃችሁ ከጨርቁ በፊት ምላሷን ብትፈታ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ዛፉን ሁሉ ያወዛውዘው ነበር። ትያትሩ ማክሰኞ አልቋል፣ አጥሩ ተጠግኗል፣ ታማሉ ከድስቱ ይተናል። ከምግቡ በፊት ወላጅም ልጅም አዳራሹ ገብቶ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። የሊሳንድሮ ሣጥን በር ላይ ነው፤ ቁልቁል የሚወርደው አውቶቡስ ነጂም ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ሊሳንድሮ ኤልቫ አጠገብ ተቀመጠ፤ ብርድ ልብሱ ጭኑ ላይ ተጣጥፏል።

ዝም አሉ። ትንንሾቹ እግራቸውን ያወዛውዛሉ፤ አንዱ አስነጠሰው።

ኤልቫ ተነሣች።

«በጥቅምት ሊሳንድሮ ጥያቄ ጠይቆን ነበር» አለች። «እኔ መልስ አስመስዬ ዘጋሁት። ልቤ አትሂድ፣ አትሂድ እያለ ሰብሳቢ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ተሳሳትኩ። ያኔ ያላልኩትን ዛሬ ልበል። ሊሳንድሮ፣ አትሂድብን።»

ሳትቀመጥ ዊልፎርድ ብድግ አለ። «እኔም! ልጆቹን አዝዤ በየጠዋቱ በፈረስ አወጣሃለሁ።» ዳማሪስ ተነሣች፣ አይብ ሠሪዋ ተነሣች፣ ንብ አናቢው ተነሣ። እንደ ሥርዓቱ በአንዱና በሌላው መካከል ዝምታ መኖር ነበረበት፤ ማን ያስታውሰው! በዚያ አዳራሽ ሰው በሰው ላይ ሲናገር የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። ሚሬያ ማማሰያዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «እሰይ! አሁን ሰው ሆናችሁ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሊሳንድሮ ብርድ ልብሱን በእጁ እየዳበሰ ሁሉንም ሰማቸው። ጸጥ ሲሉ እንደምንም ተነሣ፤ ዊልፎርድ ክንዱን ያዘለት።

«እኔ እዚህ ስመጣ ኩዌከር አልነበርኩም» አለ። «በእኛ ቤት ይጮኻሉ፣ ይለማመጣሉ፣ ይዋሻሉም። እናንተ ጋ ግን ሰው ያላመነበትን አይናገርም። ደስ ያለኝም ይኸው ነበር። ስለዚህ ዝም ስትሉኝ፣ ዝምታችሁን አመንኩት።»

ማንም ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«ትናንት ኤልቪታ መጣች። ልትለኝ ነው ብዬ በርጩማውን እንዲሁ ሳሽ ነበር፤ ከጨረስኩት ቆይቷል። ሄደች። ከዚያ ልጄ ደወለች፣ ‹እመጣለሁ› አልኳት። በስልክ አለቀሰች፤ ክፍሌን ሰማያዊ ቀለም ቀብታዋለች።» እንባውን በባርኔጣው ጠረገ። «አዎ ብያለሁ። እዚህ ደግሞ አዎ ያለ ሰው ቃሉ አዎ ነው፤ ይህን ያስተማራችሁኝ እናንተው ናችሁ። እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

ትናንት! ኤልቫ ሌላ ነገር አልሰማችም። በጥቅምት የተሳሳተችው ከሁሉም ጋር ነበር፤ የትናንቱ ግን የእሷ የብቻዋ ነው። በዚያ ባዶ ቤት ምስክርም፣ ሰብሳቢም፣ ጉባኤም አልነበረም። እሱና እሷ ብቻ ነበሩ፤ የጠበቃትም አንድ ቃል ነበር።

ሊሳንድሮ ተቀመጠ። እንደገና ዝም አሉ።

ዝምታው የሚያበቃው ሰብሳቢዋ አጠገቧ የተቀመጠውን ስትጨብጥ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ይጨባበጥና ይነሣል። ኤልቫ እጆቿን ጭኗ ላይ ቆልፋ ተቀመጠች። ካልጨበጠችው አያልቅም፤ ካላለቀ አይሄድም። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ልጆቹ ይቁነጠነጡ ጀመር፣ አዋቂዎቹ በዓይን ተያዩ፤ እሷ ግን እምቢ አለች። ነጂው ደግሞ ነፋ። ከወጥ ቤት የሚሬያ ሲቃ ይሰማል።

«ኤልቪታ» አለ ሊሳንድሮ በጆሮዋ፣ መደመር ሲያስተምራት በነበረው ድምፁ፤ «በይ ልጄ፣ ልጆቹ ራባቸው።»

እጁን ዘረጋላት፤ መዳፉ ላይ የበርጩማው አቧራ ገና አልለቀቀም። ኤልቫ ጨበጠችው፣ ስብሰባውም አለቀ።