የካፒቴኑ ጠረጴዛ አይነሳም

ኖሆራ የተሰበረ ክንዷን በፋሻ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ነጭ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ የካፒቴን ኤቫሪስቶ ፎቶግራፍ፣ ሻማና አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ለሟች የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት የመጨረሻ ቀን ነው። ዛሬ ሻማው ይጠፋል፣ ጨርቁ ይታጠፋል፣ በሩ ተከፍቶ የሟቹ ነፍስ ትሰናበታለች።

ካፒቴኑ የሞተ ዕለት ረዳት አብራሪዋ እሷ ነበረች። አሮጌው የጭነት አውሮፕላን ቢራና የምግብ ዘይት ጭኖ ጫካ ውስጥ ወዳሉት መንደሮች ሊሄድ ከማኮብኮቢያው እንደተነሳ የግራ ሞተሩ አስሎ አስሎ ቀጥ አለ። ከበታቻቸው የከተማው ገበያ ነበር።

«አይዞሽ ልጄ፣ መሪውን አብረሽኝ ያዢ» አላት ካፒቴኑ። በቀረው ሞተር እየተጎተተ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ አሳለፈውና ረግረጉ ላይ ጣለው። አውሮፕላኑ ከአንድ ዛፍ ጋር የተጋጨው በእሱ በኩል ነው።

ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት የአውሮፕላኑ ባለቤት ዶን አርሴኒዮ ግቢው ውስጥ ለብቻዋ ጠርቷት ነበር። «ሁለተኛው አውሮፕላን ነገ ይጭናል። ክንድሽ ሲድን የካፒቴኑ ወንበር ያንቺ ነው። ለአደጋው መርማሪዎች ግን ካፒቴኑ ተደናግጦ ደህናውን ሞተር አጠፋው በያቸው። ሞቷል፤ ምን ይጎዳዋል?»

ትታው ወደ ጸሎቱ ገባች።

አሁን ጸሎቱ አለቀ። የካፒቴኑ ሚስት ዶኛ ኦቲሊያ ጨርቁን ማጠፍ ስትጀምር ዶን አርሴኒዮ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሳ።

«ሰው ነውና ይሳሳታል። የካፒቴናችንን ስህተት እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።»

«የምን ስህተት?» አለ የአየር ማረፊያው ጫኝ ቱሊዮ ከኋላ።

ኖሆራ ሰው ፊት ስትናገር ጆሮዋ ይቀላል። ቢሆንም ተነሳች።

«ሞተሩ ነው የሞተው» አለች። «ከበረራው በፊት ዘይት እየተፋ ነው ብሎ ካፒቴኑ ነግሮዎታል። አጠገቡ ነበርኩ። ‹አንዴ ተመላለስበትና እናየዋለን› አሉት።»

«ልጅት፣ አደጋው ጭንቅላትሽን ነክቶታል።»

«የተሰበረው ክንዴ ነው፣ ዶን አርሴኒዮ።»

ቱሊዮ ሳቁን በቆቡ አፈነ።

«እንግዲያው የኔን አውሮፕላን ሁለተኛ አትነኪም። የሌላውንም እንዳትነኪ አደርግሻለሁ!»

ኖሆራ ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ያንን የካፒቴኑን የግራ ወንበር ብቻ ነው።

«ይሁን» አለች።

ዶኛ ኦቲሊያ በከፊል ያጠፈችውን ጨርቅ መልሳ ዘረጋችው። እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለች።

«ኤቫሪስቶ ይህን ውሸት ተሸክሞ ከቤቴ አይወጣም። ጠረጴዛው አይነሳም።»

«ኧረ ዶኛ ኦቲሊያ! ነፍሱን ሊያግቷት ነው?»

«እሱ ጭነቱን ሳያራግፍ የትም ሄዶ አያውቅም፤ ይጠብቃል። እርስዎ መርማሪዎቹ ፊት እውነቱን የተናገሩ ቀን ሻማውን አጠፋዋለሁ።»

ዶን አርሴኒዮ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

አሥረኛ ቀን የሚባል ጸሎት በከተማው ተሰምቶ አያውቅም። ኖሆራ በማግስቱ ስትመጣ ከዶኛ ኦቲሊያ ጋር ሁለት ብቻ እንደሚሆኑ ገምታ ነበር። በሩ ላይ ግን ቱሊዮና የአየር ማረፊያው ጫኞች በሙሉ ቆመዋል፤ ሸሚዛቸው አንድ ጠብታ ላብ የለበትም።

«አውሮፕላኑስ?» አለች።

«ባዶውን ፀሐይ ይሞቃል» አላት ቱሊዮ። «ጸሎት ላይ ያለ ሰው ካርቶን ይሸከማል እንዴ?»

ዶኛ ኦቲሊያ የጸሎት መቁጠሪያውን ዘረጋችላት። «ዛሬ አንቺ ምሪን።»

ኖሆራ በደህና እጇ ተቀበለች። ጆሮዋ ቀላ፤ ድምፅዋን ግን መንገድ ላይ እስኪሰማ ከፍ አደረገችው።