የአማቹ ፈጣን ባንድ

ሬዲዮ ጠጋኙ የቴፑን ላስቲክ ቀይሮ፣ ለሙከራ የራሱን ካሴት ከቶ ቁልፉን ሲጫን፣ የአንድ ጎርናና የዘጠናዎቹ ዘፋኝ ድምፅ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ወጣ። አጠፋው። መልሶ ከፈተው። ያው ነው።

"ጉድ ፈላ!" አለ ለብቻው።

ቴፑ የአማቹ ነው፤ የሚስቱ ወንድም፣ የአውቶቡስ ሾፌር። ካሴት መብላት ጀመረብኝ ብሎ ጠዋት ከነካሴቱ ጥሎለት ሄዷል። ሁለቱ ሰዎች እሑድ በመጣ ቁጥር ሲነታረኩ ሃያ አምስት ዓመት ሞላቸው። ሾፌሩ የእሱን የሄቪ ሜታል ባንድ በፍጥነት የሚስተካከል በዓለም የለም ባይ ነው። ጠጋኙ ደግሞ ረጋ ያለ ሮክ ወዳድ ነውና "ያንተዎቹ ውሻ ያባረራቸው ነው የሚመስሉት" እያለ ያበሽቀዋል። አንዴ የባንዱን ዘፈን በስልክ ቢያሰሙት ሾፌሩ፣ "ይሄ ተበላሽቷል፤ አንቀራፈፉት!" ብሎ ዘጋው። በዚህ ቴፕ ላይ የሌላ ባንድ ካሴት እንዲገባም ፈቅዶ አያውቅም። ለካስ ፈጣኑ ጊታሩ ሳይሆን የቴፑ ሞተር ኖሯል።

ጠጋኙን ሳቅ አፈነው። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቀው ድል እጁ ገባ! በትንሿ ካቻቢቴ የሞተሩን የፍጥነት ብሎን ቆንጠር አድርጎ አዞረ፤ ዘፋኙም ወደ ድምፁ ተመለሰ። ከዚያ ለማላገጫ እንዲሆነው የአማቹን ካሴት ከተተ።

ሳቁ እዚያው ቀረ። ጊታሩ ሰፍቶ፣ ድራሙ ከብዶ መጣ፤ ሲያላግጥበት በኖረው ጩኸት ውስጥ ዜማ ነበረበት። ሲያልቅ አጠነጠነው። ሦስት ጊዜ ሰማው፤ ደስ አለው፤ በራሱም አፈረ። አሁን ምን ብሎ ይንገረው? ቢነግረው አማቹ ቅስሙ ይሰበራል፣ እሑድስ በምን ሊጨቃጨቁ ነው? ባይነግረው ደግሞ የሚያውቀውን ብልሽት ደብቆ ማስረከብ ነው፤ ይህን በሥራ ዘመኑ አድርጎት አያውቅም።

ሾፌሩ ከሥራ እንደወጣ መጣ።

"ዳነልኝ?"

"ድኗል። ግን እስቲ ተቀመጥና ስማ።"

መጀመሪያ በድሮው ፍጥነት፣ ቀጥሎ በትክክለኛው አሰማው። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ።

"ስልኩ ልክ ነበር በለኛ።"

"ልክ ነበር።"

"ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ?"

"ምን ላድርግህ፣ ወንድሜ።"

የሾፌሩ ፊት ጠቆረ፤ ጠጋኙን አንጀቱን በላው። ምነው ባልነገርኩት ብሎ ሳይጨርስ ሾፌሩ ብድግ አለ።

"ስማ! ስላላወቁበት ነው እንጂ እንደኔ ቴፕ ነበር መጫወት የነበረባቸው! ብሎኑን ወደነበረበት መልስልኝ።"

"አብደሃል እንዴ? ያበላሸኸው እኮ አንተ ነህ! በልኩ ሲሆንማ ሰው ያስለቅሳል!"

"ምን አልክ?"

ጠጋኙ ያመለጠውን መመለስ አልቻለም። አንገቱን ደፍቶ ብሎኑን ወደ ድሮው ቦታ አዞረ። ቴፑን በጨርቅ ጠርጎ አቀበለው፤ ካሴቱን ግን በእጁ ያዘ።

"ይሄ እኔ ጋ ይደር" አለ። "ልቀዳው ነው።"

ሾፌሩ ለእህቱ እንኳ አውሶት የማያውቀውን ካሴት አየ፤ ጠጋኙን አየ። ቴፑን አቅፎ እስከ በሩ ሄደ። ከዚያ ተመለሰና ባዶውን የካሴት ማቀፊያ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

"አቧራ እንዳይገባበት" አለ።