እያፏጨች የምትገባው ልጅ

ልጄ የምታነበውን መጽሐፍ ሁሉ እኔ ቀድሜ አነበዋለሁ። አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ መጽሐፍ ነክቼ የማላውቅ ሴት፣ ዛሬ ያልገባሁበት የሰው ሕይወት የለም፤ የመርከብ ወጥ ቤት፣ የጡረተኛ ዳኛ፣ እስር ቤት ያረጀ መምህር፣ ንብ አንቢ። የማነበው ለመደሰት እንዳይመስላችሁ። ክፉውን ገጽ ፈልጌ ለመስፋት ነው።

ስፌት ሥራዬ ነው። የነርስና የተማሪ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ኮሌታና ኪስ እገጥማለሁ። የልጄ ኩላሊት ሥራ አቁሞ በየሁለት ቀኑ ደሟ በማሽን መታጠብ ከጀመረ ወዲህ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተጋድማ የምታነበውን ሳላይ አልሰጣትም። ሰው የሚሞትበት፣ ሐኪም ራሱን የሚነቀንቅበት ገጽ ሲያጋጥመኝ፣ ጠርዙን ከሚቀጥለው ገጽ ጋር በነጭ ክር እሰፋዋለሁ። መጽሐፉ የኪራይ ስለሆነ ሲፈታ እንዳይቀደድ አላልቼ ነው የምሰፋው። ሥራ ቤት ውስጥ ምሳዬን ትቼ ስሰፋ የሚያዩኝ ሴቶች፣ “ዛሬ ደግሞ ማንን ገነዝሽ?” ይሉኛል። ይሳቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አከራዩን ጋሽ ሽፋን እንለዋለን። መጽሐፉን በሙሉ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ስለሚለብጠው፣ ካልከፈቱት ምን እንደሆነ አይታወቅም።

“ጋሽ ሽፋን፣ ሰው የማይሞትበት ይስጡኝ።”

“አንቺ ሴትዮ፣ እንግዲያው የምግብ አሠራር ውሰጂ።”

“እሱም ዶሮ ይታረድበታል።”

የራሳቸውን ሕይወት የሚጽፉት ሰዎች አብዛኞቹ ያናድዱኛል። ዳኛው በዚያ ሁሉ ገጽ አንድ ቀን ተሳስቼ ፈረድኩ አይልም። “ይሄን ሰውዬ ሚስቱ እንዴት ችላው ኖረች?” ብዬ ልጄን ብጠይቃት፣ “ምስጋናው ላይ የለችም እኮ እማ፤ አልቻለችውም ማለት ነው” አለችኝ። እንዲህ ናት። እኔ ያለውን ሳነብ እሷ የጎደለውን ታነባለች። አንድ ጊዜ ስለ ድልድዮች የተጻፈ አመጣሁላትና የወደቁትን በሙሉ ሰፋኋቸው። ስትጨርስ፣ “በዚህ ዓለም ላይ ድልድይ የሚባል ነገር ወድቆ አያውቅም?” ብላ ሳቀችብኝ። ክሩን በጥርሷ መበጠስ አያቅታትም ነበር። አልበጠሰችውም፤ ለእኔ ብላ ነው።

ይህን ሁሉ ያስከተለው መጽሐፍ የመጣው መታከት ከጀመራት በኋላ ነው። “እማ፣ እጥበቱን ብተወውስ?” ማለት ጀምራ ነበር። ስትለው እንደ ቀልድ ነው፤ እኔ ግን እንደ ቀልድ አልሰማውም። የእኔ ኩላሊት አይሆንም ብለውኛል፣ ደም ግፊት አለብሽ ብለው። አባቷ አፈር ከገባ ቆየ። ሌላ ሰው የለንም። ያለን ወንበሩ ብቻ ነው።

እናም ጋሽ ሽፋን አንድ ቀን እየሳቀ አንድ መጽሐፍ ዘረጋልኝ። “ይሄኛውን መርፌሽን አስቀምጠሽ አንብቢው” አለኝ። የመሬት ቀያሽ የነበረ ሰው ነው የጻፈው። እንደ ልጄ ኩላሊቱ ደክሞ፣ እንደ ልጄ ወንበር ላይ ተጋድሞ ሲታጠብ ከርሞ፣ በመጨረሻ እህቱ አንድ ኩላሊቷን ሰጥታው ድኗል። እኔ መቼም መጽሐፍ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው፤ በመጨረሻው ገጽ የልጅ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ዳገት ይወጣል። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሼ አንድ በአንድ ፈተሽኩት። የሚሰፋ ገጽ አጣሁ። እልል ማለት ቃጣኝ። ለልጄ ስሰጣት፣ “ይኸው! ያንቺው በሽታ ነው፤ ሰውዬው ፈረስ መስሏል” አልኳት።

አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው። በማግስቱ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ ነው የተናገረችው።

“እያፏጨች የምትገባው ልጅ የት ደረሰች?”

“የቷ ልጅ?”

“ከሰውዬው ጎን ወንበር ላይ የምትታጠበው። እያፏጨች ስትገባ ሲስተሯ የምትቆጣት። ሁለት ቦታ ላይ አለች። ከዚያ የለችም።”

“ድና ሄዳ ይሆናላ! እያንዳንዱን ሰው ሊጽፍ ነው እንዴ?”

“ድና ቢሆን ይጽፋት ነበር። መሞቷን ቢያይ ደግሞ ይጽፋት ነበር። ልብ አላላትም፣ እማ። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው አየ፣ አለቀ።” መጽሐፉን ከፍራሹ ጠርዝ ገፋ አደረገችው። “የሚጽፈው የዳነው ነው። እኔ ቀያሹ አይደለሁም። ያቺ ልጅ ነኝ።”

ተቆጣሁ። በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ራስሽን ልትገድይ ነው ወይ ብዬ ጮህኩ። ኋላ ግን መጽሐፉን ይዤ ገጾቹን ሳገላብጥ እውነቷን ነበር። ልጅቷ በአንድ ገጽ ላይ ታፏጫለች፣ በሌላው ብርድ ልብስ ታውሰዋለች፣ ከዚያ ምንም። አልሞተችም፣ አልዳነችም። ያ ሁሉ ስፌቴ ለዚህ አልሆነም፤ የሌለ ገጽ በምን ይሰፋል?

“ለሚቀጥለው እጥበት አልሄድም” አለችኝ።

“ልጅቷ በሕይወት ካለችስ?” አልኳት። “ሰውዬውን ጠይቄ ብመጣልሽስ?”

“ካለች እሄዳለሁ” አለች። የምትለኝ ስታጣ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ቃል ነው።

ቀያሹ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ እየዞረ የሸጠ ሰው ስለሆነ ጋሽ ሽፋን ቤቱን ያውቀዋል። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ጉንጩ የቀላ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ የሚወጣ ሰው። ልጄ እንደታመመች ስነግረው እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ስለ ልጅቷ ጠየቅሁት።

“የምታፏጭ? እንደዚያ ብዬ ጽፌያለሁ እንዴ?”

ገጹን አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። “እውነትም!” አለ፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ ያነበበ ይመስል። “ብርድ ልብሱንማ አስታውሳለሁ። አረንጓዴ ነበር። ልጅቷ ግን… ያኔ እኮ እትዬ፣ ሰው የራሱን ነፍስ ይዞ ነው። ብዙ ነበርን።” ሚስቱን ጠራት፤ እሷም አላስታወሰችም። ስወጣ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ፈረመበት። “ለልጅሽ፣ አይዞሽ” ብሎ። የኪራይ መጽሐፍ ላይ።

ታክሲ ውስጥ ውሸቴን ሰፋሁ። አግብታለች እላለሁ። ሩቅ አገር ናት። ልጅ ወልዳለች፤ አይ፣ ልጁ ይበዛል፣ ይቅር። ሱቅ ከፍታለች። ደውላለት ታውቃለች። እቤት እስክደርስ እኔው ራሴ አምኜው ነበር።

ልጄ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። “አግብታ…” ብዬ ጀመርኩ።

“አላስታወሳትም፣ አይደል?”

“ብዙ ነበርን አለ” አልኳት።

“እሺ” አለች። አላለቀሰችም። የዋለችበትን ትራስ አስተካክላ ተኛች።

የእጥበቱ ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም። ለመንኳት፣ ረገምኳት፣ ጉልበቷን ስሜ ለመንኳት። በነጋታው ፊቷ ተነፋፍቶ አደረ፤ ትንፋሿም እንደ ወናፍ ይነፋ ጀመር። ያን ጊዜ የእኛ የእጥበት ክፍል ሲስተር ደወለች።

“እማማ፣ ምነው ቀራችሁ? ዛሬ ቦታ ላመቻችላችሁ እችላለሁ። ካልመጣችሁ ግን ወንበሩን የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ልይዘው አልችልም። ልስጠው?”

ልጄ ሰምታለች። ዓይኗን ጨፍና፣ “ስጪው በያት” አለችኝ በሹክሹክታ። “የሚጠብቀው ሰው ምን አጠፋ?”

“እንዳትሰጪ!” አልኩ ስልኩ ውስጥ። “እየመጣን ነው። በሩ ላይ ነን።” ዘጋሁት።

ካልጋው ስር ጫማዋን አወጣሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ እግሯን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁ። አልከለከለችኝም፤ አልረዳችኝምም። እግሯ አብጧል፤ ጣቴ ያረፈበት ሁሉ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀራል። ማሰሪያውን እስከ ታች ፈታሁት። የጫማውን ምላስ ወደ ውጭ ጎተትኩት። ተረከዟን ይዤ ገፋሁ፣ ደግሜ ገፋሁ። አልገባም አለ።

“ተይው እማ” አለችኝ።

“ይገባል” አልኳት። “ትንሽ ነው የቀረው።”