ጅሩ ያልቀመሰው ገበታ

ገበታዬን የሚንቅ ሰው አልወድም። ሮቤ ውስጥ ጨጨብሳ የሚሠራ ሞልቷል፤ የእኔን የሚያህል ግን የለም። ካላመናችሁ ጎባ ድረስ ወጥታችሁ ጠይቁ። ስለዚህ ያ ሾፌር ቅቤ የጠገበውን ጨጨብሳዬን ቆርሶ፣ ወደ አፉ ሳያደርስ መልሶ ከሰሃኑ ዳር ሲያኖረው መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። መምጣት የነበረበት ግን ፍርሃት ነበር። የሙለታ ነገር ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጫሊ የሟች ልጄ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት እኔ ወስጄ ሮቤ አሳደግሁት። መሰንቆ ይጫወታል፤ ያለ እሱ ሠርግ የሚደግስ ሰው ሠርጉ ሠርግ አይሆንለትም። ታላቅ ወንድሙ ሙለታ ግን ያደገው ከአባታቸው ሰዎች ጋር፣ ወደ ደሎ መና በሚወርደው አገር ነው። ዓምና በግጦሽ ተጣልቶ ሮቤራ የሚባል ጎረምሳ በዱላ መትቶ ገደለ። ፍርድ ቤት ፈረደበት፣ ታሰረ። የአባቱ ወገኖች «መንግሥት ፈርዷል፤ አለቀ» ብለው ሽማግሌ ሳይልኩ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ጅሎች! እስር ቤት ገዳዩን ያስራል እንጂ ደሙን አያደርቀውም። በእኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ የደም ካሣው ጉማ ካልተከፈለ፣ የሟችና የገዳይ ወገን ከአንድ ገበታ አይበሉም፣ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። ደሙ የሚሄደው ደግሞ በአባት በኩል ነው። እኔን አይነካኝም፤ ጫሊን ግን ይነካዋል። መሰንቆውን ይዞ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ ዓይኔ ከበር የማይነቀለው ለዚህ ነበር።

የወንድ ልጄ ልጅ ሀዋኒ ደግሞ ከአዲስ አበባ እንግዳ እየተቀበለች ታስጎበኛለች። ቁርስ እኔ ቤት ነው። ከዚያ ጎባ፣ ከዚያ ሳነቴ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ማየት፣ ከዚያ ወደ ሐረና ጫካ ወርዶ ማር መብላት። ምግቡ የእኔ፣ ሙዚቃው የጫሊ ነው። በዚያ ቅዳሜ የዘወትር ሾፌሯ መኪናው ተበላሸበትና አንድ ጅሩ የሚባል ሰው አመጣች።

«ራሱ ነው የደወለልኝ፣ አኮ» አለችኝ፤ የልጅ ልጆቼ በኦሮምኛ አያት ለማለት አኮ ነው የሚሉኝ። «እግዜር ነው የላከው።»

«እግዜር ሥራ ፈትቶ ሾፌር ይልካል?» አልኳት።

እንግዳ ሁሉ ሲያላምጥ ጅሩ ብቻ ቁራሹን እያገላበጠ ያያል።

«ምነው? ቅቤዬ ሸተተህ?»

«ኧረ አይደለም አዴ፤ ጾም ነኝ» አለ፤ አዴ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው።

«የምን ጾም? ፋሲካ ገና ማለፉ ነው፤ ቄሱ እንኳ ቅቤ ላይ ናቸው!»

እንግዶቹ ሳቁ። እሱም ሳቅ አለና «የራሴ ጾም ነው» አለ።

ድሮም ቢሆን አብሬያቸው አልወጣም። ያን ቀን ግን ነደደኝ። ጎባ የሚበላውን ጩኮ እኔው ነኝ ያሸሁት፤ ገብሱን ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በቅቤ። ማን እንደሚያቀርብልኝ፣ ማን እንደሚንቅብኝ ልይ ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ከኋላ ወንበር ገባሁ።

ጎባ አንድ ዘመድ ግቢ አረፍን። ጩኮውን በትልቅ ገበታ አቀረብኩ። ከእንግዶቹ አንዱ ፍቅረሥላሴ የሚባል፣ ስልኩን ከፊቱ የማያወርድ ሰው ነው። ይሄ ሰው የሚበላው በዓይኑ ነው ወይስ በስልኩ እያልኩ ሳየው ነበር።

«ቆይ ቆይ! እንደሱ አይደለም» አለ። «ሙዚቀኛውና ሾፌሩ ይጎራረሱ! የአገሩን ፍቅር ልቅረጽ!»

ጫሊ እንዲህ ያለ ነገር ሲወድ ለጉድ ነው። ከጩኮው ዘገነና ወደ ጅሩ አፍ ዘረጋ። «ና ወንድሜ፣ በሞቴ!»

«በሞቴ አትበል» አለ ጅሩ።

«በሞቴ አልኩህ! እጄ ሊዝል ነው እኮ!»

ሁሉም ያጨበጭባል። ጅሩ የልጄን እጅ እንደ እባብ ነው ያየው። አፉ ተገጥሟል። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወደ ቧንቧው ሄደ፣ ምንም ያልነካበትን እጁን ታጠበ። ከማሰሮዬ ውኃ ቀድቼ ብሰጠው አልተቀበለም፤ ከመኪናው የራሱን የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥቶ ጠጣ።

ያኔ ነው የገባኝ። የናቀው ምግቤን አልነበረም።

ተከትዬው ሄድኩ። «አቲ ኢልመ ኤኙቲ?» አልኩት። የማን ልጅ ነህ ማለቴ ነው።

«ከጫካው ወዲያ ነኝ፣ አዴ።»

«አገርህን አልጠየቅሁህም። አባትህን ነው።»

«ጫካው ጋ ስንደርስ ይነገርዎታል» አለኝ በትሕትና። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሀዋኒን ወደ ጓዳ ሳብኳት። «ይሄ ሰው ደም ፈላጊ ነው። ጫሊን እዚሁ እናስቀረው።»

«አኮ! እርስዎ ጩኮዎን ያልበላ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይመስልዎታል» ብላ ሳቀች። «ሰውየው ሆዱን አሞት ይሆናል።»

ጫሊንም በጆሮው «ዛሬ ከመኪና አትውረድ» አልኩት። «አይዞዎት አኮ» ብሎ ግንባሬን ስሞ፣ መሰንቆውን አንጠልጥሎ ሄዶ ከጅሩ ጎን ተቀመጠ። ጋቢና! ሌላ ወንበር የጠፋ ይመስል!

ሳነቴ ስንደርስ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። ጅብራ የሚባለው ረጅሙ ተክል ብቻ በየቦታው እንደ ቆመ ሰው ይታያል። አንዲት ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋርጣ ቆም ብላ አየችንና ጠፋች። እንግዶቹ ወርደው እየተንቀጠቀጡ ተቃቀፉ።

«ጫሊ፣ የወንድ ዘፈን!» አለ ፍቅረሥላሴ። «ያ ፉከራ የሚመስለው ምንድነው ስሙ?»

«ጌራርሳ!» አለች ሀዋኒ፣ ምላሷን ይቁረጠውና።

ጌራርሳ የጣለ ሰው የሚፎክርበት ዜማ ነው። ድሮ የገደለ ነበር የሚለው፤ ዛሬ ማንም መሰንቆ የያዘ ለእንግዳ ይለዋል። ልጄ ፊቱን ወደ ጉሙ አዙሮ ለቀቀው። ድምፁ ያምራል፤ እኔን እንኳ ባለሁበት ፍርሃት ውስጥ ነዘረኝ። ጀግናውን አነሣ፣ ጠላቱን የዘረረውን፣ ወንድሞቹ በአደባባይ ቀና ብለው የሚሄዱለትን። ምን እንደሚል አልታሰበውም። ለእሱ ዘፈን ነው።

ጅሩ የመኪናውን መስታወት ይወለውላል። መስታወቱ ጠርቷል፤ እሱ ይወለውላል። ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው አንድ ቦታ ሲወለውል ነበር። ከዚያ ጨርቁን አጣጥፎ «እንውረድ፤ ይመሻል» አለ። ገና እኩለ ቀን ነበር።

ጫካው ውስጥ ዝናብ ጥሎ ነበር። ማር ከሚሸጡት ሰዎች ዳስ ቆምን። እንግዶቹ እግራቸው ረጥቦ፣ የፍቅረሥላሴም ስልክ ባትሪ ጨርሶ ጸጥ ብለዋል። አንድ ሰሃን የሰፈፍ ማር ገዛሁላቸው። ለሽንት ዞር ብዬ ብመለስ ጫሊ የለም። ጅሩም የለም።

«ጫሊስ?»

«ጅሩ ቀፎ የሚሰቀልበትን ዛፍ ላሳይህ ብሎት ሄዱ» አለች ሀዋኒ ጣቷን እየላሰች። «ፋስ ይዞ። ማር ሊቆርጥለት ነው መሰለኝ።»

እጄ ሰሃኑን ይዞ ነበር፤ አላስቀመጥኩትም። እንዲሁ ይዤው ገባሁ። እሾኹ ነጠላዬን ሲቀዳድደው፣ ጭቃው ጫማዬን ሲያስቀር ስሙን እየጠራሁ ነው የሄድኩት። ጫካው ድምፄን ዋጠው። ኋላ ሳቁን ሰማሁ፤ ከላይ።

ጫሊ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥቷል፤ ቅርንጫፍ አቅፎ ከአንድ ቀፎ አጠገብ ተቀምጧል። ጅሩ ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ ያየዋል። ፋሱ በቀኝ እጁ ነው። ከዚያ ዛፍ ሌላ መውረጃ የለም።

«አኮ! ይሄ ሰውዬ ይቀልዳል እንዴ?» አለ ጫሊ ሲያየኝ። «ቀፎው ባዶ ነው! ንብ የለውም!»

«የወንድሜ ቀፎ ነው» አለ ጅሩ። «የሮቤራ። እሱ ከሞተ ወዲህ ንብ እንዲገባ ያጠነው የለም።»

ጫሊ መሳቁን ተወ። ቅርንጫፉ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ጅሩ» አልኩት። «ልትገድለው ነው ያመጣኸው?»

«ጠዋት እንደሱ ነበር» አለ። ከእኔ ዓይኑን አልሸሸም። «ዓመት ሙሉ ደጃችንን የረገጠ ሽማግሌ የለም፣ አዴ። እናቴ ጥቁሯን አላወለቀችም። ሮቤ ሆቴል ውስጥ ሰው ላደርስ ገብቼ ይሄ ልጅ ሲዘፍን አየሁት። ይስቃል። የሙለታ ወንድም ነው አሉኝ። መሳቅ እንዴት ቻለ ብዬ ነው የመጣሁት። ተራራው ላይ የዘፈነውን እርስዎም ሰምተዋል።»

«ልብ ብሎ አይደለም! ለቱሪስት ነው!»

«ለእኔም ደረሰኝ።»

እውነቱን ነው። በእሱና በዛፉ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ከሰሃኑ ማር ቆረስኩና ወደ አፉ ዘረጋሁ።

«እኔ በእናቱ በኩል ነኝ። ደምህ እኔ ላይ የለም። ብላ።»

«አዴ፣ ይተዉኝ።»

«አልተውህም። ከእጄ የበላ ሰው የእኔን ልጅ አይነካም። ልትነካው ከሆነ አትብላ፤ እኔም እዚሁ ቆሜ እያየሁህ አድርገው።»

ማሩ እስከ ክርኔ ወረደ። ንብ መጥታ እጄ ላይ አረፈች፤ አላባረርኳትም። ጅሩ ሲተነፍስ እሰማለሁ። ፋሱን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። ከዚያ ጎንበስ አለና ከጣቴ በላ፤ ሲውጥ መራራ ነገር የዋጠ ይመስል ነበር።

«ለዛሬ ነው» አለ።

«ውረድ» አልኩት ጫሊን። ወረደ። እግሩ መሬት ሲነካ ጅሩን ሊያናግር አፉን ከፈተ፤ «ዝም በል!» አልኩት። «ዛሬ ብዙ ዘፍነሃል።»

መንገድ ዳር ተመልሰን ከደሎ መና ወደ ሮቤ የሚመጣው አውቶቡስ ሲደርስ ሁሉንም አሳፈርኳቸው፤ ጫሊን ከመሃል አድርጌ።

«እማማ፣ ፕሮግራሙስ?» አለኝ ፍቅረሥላሴ።

«ፕሮግራሙ አልቋል፤ ግባ!»

ሀዋኒ ታለቅሳለች። «ለአባቱ ሰዎች ንገሪያቸው» አልኳት። «አያቴ ሸዋርጋ የሟች ደጅ ላይ ተቀምጣለች በያቸው። ሽማግሌ ይዘው ካልመጡ እዚያው እቀበራለሁ፤ ውርደቱ የእነሱ ነው።»

አውቶቡሱ ጉም ውስጥ ሲገባ ወደ ጅሩ ዞርኩ። «በል አሁን እናትህ ጋ ውሰደኝ።»

«አያስገቡዎትም።»

«አስገቡኝ አልኩህ?»

ቤቱ ከጫካው ዳር ብቻውን ነው። ከአጥሩ ውጪ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ጥቁር የለበሰች፣ በዕድሜ ከእኔ የማታንስ ሴት ወደ በሩ ወጣች። ጅሩ በኦሮምኛ ማን እንደሆንኩ ነገራት። ከማን እጅ እንደበላም ነገራት። ልጇን አየችው፤ አፉን አየችው፤ በጥፊ የተመታች ያህል ወደ ኋላ አለች። እኔን ግን አንዴም አላየችኝም።

ገባች። የበሩ መወርወሪያ ሲወርድ ሰማሁ። ጅሩ ውጪ ቀረ፤ ከእኔ ጋር አልተቀመጠም፣ ወደ ቤትም አልሄደም፤ በመሃል ቆሟል። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ነጠላዬን ራሴ ላይ አደረግሁና መንገዱን ሳይሆን በሩን ማየት ያዝኩ። አልተነሣሁም።